የደም ናሙና አወሳሰድ ሥርዓትና የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎች

በጤና ተቋማት የሚሰጥ የላቦራቶሪ ውጤት ትክክለኛነት የሚወሰነው በመመርመሪያ መሣሪያው ዘመናዊነት ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚፈጸሙት ናሙናው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት መሆኑን በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ በ2010 በደም አወሳሰድ ላይ ዝርዝር መመሪያ አውጥቷል።

በመመሪያው መሠረት የታካሚውን ማንነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ባለሙያው "እገሌ ነዎት?" ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ የደከመ ወይም በሚገባ ያልሰማ ታካሚ "አዎ" ሊል ይችላልና። ታካሚው ራሱ ስሙን እንዲናገር ተደርጎ ከመጠየቂያ ቅጹ ጋር ይመሳከራል። በአገራችን የሰዎች ስም እስከ አባት ስም ድረስ መመሳሰሉ የተለመደ በመሆኑ የአያት ስምና የካርድ ቁጥርም መታየት ይኖርበታል። ይህ ጥንቃቄ በተለይ ደም ለሚለገሳቸው ሕሙማን የሕይወት ጉዳይ ነው። የደም ዓይነትን ለመለየት የተወሰደ ናሙና በሌላ ሰው ስም ቢመዘገብ ታካሚው የማይስማማውን ደም ሊወስድ ይችላል። ስም የሚጻፈውም ደሙ ከተቀዳ በኋላ በታካሚው አጠገብ ነው፤ ባዶ ቱቦዎችን አስቀድሞ ጽፎ መደርደር ለመቀያየር በር ይከፍታል።

ባለሙያው እጁን ታጥቦ ጓንት ካጠለቀ በኋላ አመቺ ደም ስር ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በክርን ውስጠኛ መታጠፊያ የሚገኘው ነው። ጉሉኮስ ከተሰካበት ክንድ ግን ናሙና አይወሰድም። የጎማ ማሰሪያው መርፌው ከሚገባበት ቦታ ከአራት እስከ አምስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ቆዳው በ70 በመቶ አልኮል ለ30 ሰከንድ ይጠረግና ሌላ 30 ሰከንድ በራሱ እንዲደርቅ ይተዋል። እፍ ብሎ ማድረቅም ሆነ የጸዳውን ቦታ መልሶ በጣት መዳሰስ ጽዳቱን ከንቱ ያደርገዋል። መርፌው ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ማዕዘን ይገባል፤ ማሰሪያው የሚፈታውም መርፌው ከመውጣቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ክንድን በጥጥ ላይ ማጠፍ በየቦታው የሚታይ ልማድ ቢሆንም ደም ከቆዳ ሥር እንዲቋጥር ሊያደርግ ስለሚችል ክንዱን ዘርግቶ ጥጡን መጫን ይመከራል።

ታካሚው እጁን ደጋግሞ እንዲጨብጥና እንዲዘረጋ ማድረግ ወይም ደሙን በኃይል መሳብ የፖታሺየም መጠን ከእውነተኛው በላይ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። በኃይል የተሳበ ደም ቀይ ሕዋሳቱ ስለሚፈነዱ በውስጣቸው ያለው ፖታሺየም ይፈስሳል። በዚህ ውጤት የተመራ ሐኪም በታካሚው ላይ የሌለ ችግር ሊያክም ይችላል። የቱቦዎች ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚውለው ጠርሙስ ይቀድማል፤ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊና ግራጫ ክዳን ያላቸው በየተራ ይከተላሉ። በሐምራዊው ቱቦ ያለው ፀረ መርጋት ንጥረ ነገር ጥቂቱ እንኳ ወደ ሌላ ቢተላለፍ ፖታሺየምን ከፍ፣ ካልሲየምን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ፀረ መርጋት ያላቸው ቱቦዎች በዝግታ ይገለባበጣሉ እንጂ አይናጡም።

ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ተመልሶ ሳይገጠምበት ወዲያውኑ ወደ ደህንነት ሳጥን ይጣላል፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። ስለዚህ ተቋማት የመርፌና የቱቦ ግዥ ሲያቅዱ ሳጥኑንና ጓንቱን በዚያው መጠን ማካተት አለባቸው። ሳጥን ባለቀበት ክፍል መርፌ በጠረጴዛ ላይ መከማቸቱ አይቀርም፤ አደጋውም ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ለጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር ነው። በመርፌ የተወጋ ሠራተኛ ቁስሉን ሳይጨምቅ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ወዲያውኑ ለኃላፊው ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነ ከ72 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ ለ28 ቀናት ይወስዳል።