በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለ ዘር የሚነገር ቀልድ

ልዩ ልዩ ዘር ያላቸው ሰዎች አብረው በሚኖሩበት አገር፥ ማን በማን እንደሚስቅ መመርመር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው። ሳቅ እንደ ተራ ጨዋታ ቢታለፍም፥ የሚሳቅበት ሕዝብ በጎረቤቱ ዘንድ የሚኖረውን ክብር ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ለዚህም የአሜሪካ ቴሌቪዥን ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ይሰጣል።

«ኤሞስ ኤንድ አንዲ» የተባለው አስቂኝ ትርኢት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በቺካጎ ራዲዮ ሲጀመር፥ የጥቁሮችን ንግግር እየመሰሉ የሚጫወቱት ፍሪማን ጎስደንና ቻርልስ ኮረል የተባሉ ሁለት ነጮች ነበሩ። በ1951 ወደ ቴሌቪዥን ሲዛወር፥ በዚያ መልክ ይታያልና፥ ቦታቸው ለጥቁር ተዋንያን ተሰጠ። የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የቆመው ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የተባለው ማኅበር ግን፥ ጥቁር ሐኪምና ጠበቃ ሳይቀር አታላይና ፈሪ ተደርጎ ይታያል ሲል በዚያው ዓመት ተቃወመ። በሌላ በኩል፥ ለጥቁር ተዋናይ ሥራ ብርቅ በነበረበት ዘመን ትርኢቱ እንጀራቸው ነውና፥ ከተዋንያኑ አንዳንዶቹ ደገፉት። አዲስ ክፍል መሠራቱ በ1953 ቢቀርም፥ የቀድሞው እስከ 1966 ድረስ እየተደጋገመ ታየ።

በ1971 ኖርማን ሊር ከአንድ የእንግሊዞች ትርኢት ተነሥቶ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለውን አቀረበ። በዚህ ውስጥ አርቺ በንከር የተባለው ነጭ ሠራተኛ ጥቁሩንም አይሁዳዊውንም ያለ ኀፍረት ያንኳስሳል። የደራሲው ሐሳብ ስድቡ በተሳዳቢው ላይ እንዲመለስ ነበር። ነገር ግን ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች በ1974 ያሳተሙት ጥናት፥ የዘር ጥላቻ ያደረባቸው ተመልካቾች አርቺን ወደ ማድነቅ፥ ከአማቹ ጋር በሚያደርገው ክርክርም እርሱን እንደ ረቺ ወደ መቍጠር ያዘነብሉ እንደ ነበር አሳየ። ወርቁ ለደራሲው ግልጽ ቢሆንም፥ ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ተመልካች ጥቂት አልነበረም።

በ1974 የተጀመረው «ጉድ ታይምስ» በቺካጎ ስለሚኖር ድኻ የጥቁሮች ቤተሰብ የሚናገር ሲሆን፥ ሐሳቡን ያመነጩትም ኤሪክ ሞንቴና ማይክ ኢቫንስ የተባሉ ጥቁሮች ነበሩ። የሆነ ሆኖ የበኵር ልጁ ቧልት እያየለ የቤተሰቡን ቁም ነገር ሸፈነው። አባት ሆኖ የሚጫወተው ጆን ኤሞስ፥ ጸሐፊዎቹ የጥቁሮችን ኑሮ አያውቁም እያለ ሲከራከር ቆይቶ በ1976 ከትርኢቱ ወጣ። እናት ሆና የምትጫወተው አስቴር ሮልም፥ ልጁ ለጥቁር ወጣቶች መጥፎ ምሳሌ ሆኗል ብላ በ1977 ተለየች፤ በሚቀጥለው ዓመትም ተመለሰች።

እንግዲህ በትርኢት ላይ የሚታዩትን መልኮች መቍጠር ብቻውን አይበቃም። ቃሉን ማን እንደ ጻፈው፥ ማንስ ሊያርመው ሥልጣን እንዳለው መጠየቅ ይገባል፤ በሰው የሚሳቀውና ከሰው ጋር የሚሳቀው ሳቅ የሚለየው በዚህ ነውና።