ባለሦስት ሞተሩ ዲ.ሲ. 10 እና ዓይነቶቹ

በአይሻ የሚያልፍ ባቡር ጭነት ሲበዛበት ፉርጎ ይቀጠልለታል። አውሮፕላን ግን ዓይነቱ ተለውጦ እንደገና መሠራት አለበት።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በዳግላስ አውሮፕላኖች ነበር። ይኸው ፋብሪካ ከማክዶኔል ጋር ተዋሕዶ የሠራው ዲ.ሲ. 10 በነሐሴ 1962 ዓ.ም. በረረ። የመጀመሪያው ዓይነት ለአሜሪካ የውስጥ ጉዞ ታሰበ፤ ቍጥር 30 የተባለው ግን ውቅያኖስ የሚያሻግር ነዳጅ ስለሚይዝ፥ ክብደቱን የሚሸከም ተጨማሪ እግር ከሆዱ ሥር ተተከለለት።

የሚያሳዝነው የዕቃው ክፍል በር ነገር ነው። በሰኔ 1964 ዓ.ም. በአየር ላይ ተከፍቶ ሰው ሳይሞት አስጠነቀቀ፤ እርማቱ በሚገባ ስላልተፈጸመ፥ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቱርክ አየር መንገድ ዲ.ሲ. 10 ፓሪስ አጠገብ ወድቆ 346 ሰዎች አለቁ። በሩም የተለወጠው ከዚያ ወዲያ ነው።

የዚህ ዘር የሆነው ኤም.ዲ. 11 በ2000ዎቹ ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ዕቃ ሲያመላልስ ነበር።