ፕሮፔለሩ በአየር ላይ የተነቀለ አነስተኛ አውሮፕላን ምን ይገጥመዋል?

አንበጣን ወይም የግሪሳ ወፍን ለመከላከል ዝቅ ብሎ እየበረረ መድኃኒት የሚረጭ አነስተኛ አውሮፕላን ለኢትዮጵያ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «እሸት» የተሰኘ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ይገጣጥም ነበር። እንዲህ ያሉት አውሮፕላኖች በአብዛኛው አንድ ሞተርና አንድ ፕሮፔለር ብቻ አላቸው። ፕሮፔለሩ በበረራ ላይ ተነቅሎ መውደቁ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም፣ ሲከሰት ግን በአውሮፕላኑ ውስጥ ያሉትን ብቻ ሳይሆን በምድር ያሉትንም ይመለከታል።

እንደ ድንጋይ አይወድቅም

አውሮፕላንን በአየር ላይ የሚሸከመው ክንፉ ነው፤ የፕሮፔለሩ ሥራ ወደ ፊት መጎተት ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ቢጠፋም ክንፉ ሥራውን አያቆምም። አብራሪው አፍንጫውን በመጠኑ ዝቅ አድርጎ ፍጥነቱን ከጠበቀ አውሮፕላኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ለምሳሌ ሴስና 172 የተባለው ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ከፍታው በ1 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ወደ 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይጓዛል። ከምድር 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ ሳለ ፕሮፔለሩን ቢያጣ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ የመሄድ ዕድልና አራት ደቂቃ ያህል ጊዜ ይኖረዋል።

አደጋው ከሌላ አቅጣጫም ይመጣል። ሸክሙን ያጣው ሞተር ከልክ በላይ ስለሚፈጥን ወዲያውኑ መጥፋት አለበት። በአንዳንድ ሞተሮች ዘይት በፕሮፔለሩ እምብርት በኩል ስለሚያልፍ፣ የፈሰሰው ዘይት የፊት መስታወቱን ሊሸፍን ይችላል። አፍንጫው ክብደት ስለሚቀንስ የአውሮፕላኑ ሚዛን በመጠኑ ወደ ጅራቱ ያደላል። ከሁሉ የከፋው ግን ከፕሮፔለሩ ምላጮች አንዱ ብቻ ሲሰበር ነው፤ በሚፈጠረው ብርቱ ንዝረት ሞተሩ ራሱ ከማቀፊያው ሊገነጠል ይችላል። ያኔ ሚዛኑ ፈጽሞ ይፋለሳል።

በአምቦ ሰማይ

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የከፍታ መለኪያው 3,100 ሜትር ቢያሳይም አብራሪው ከከተማዋ በላይ ያለው 1,000 ሜትር ብቻ ነው። በወንጪ ተራሮች አናት ላይ ደግሞ ያ ከፍታ ጭራሽ አይበቃም፤ ተራሮቹ ከ3,300 ሜትር ይበልጣሉና። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል፤ ለመቆምም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል።

ቦሌ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ አብራሪው የሚቀረው ምርጫ ማሳ ነው። የጊንጪ ጥቁር አፈር በክረምት ጎማ ይውጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለጥ ያለ የሚመስል ማሳም ቦይ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም ባሕር ዛፍ ሊኖርበት ይችላል። በታረሰ መሬት ላይ ማረፍ ግድ ከሆነ ትልሙን ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይታረፍም።

ከደረሱት አደጋዎች የሚወሰድ ትምህርት

ያለ ሞተር ኃይል የመንሸራተት ነገር በኢትዮጵያ የአቪዬሽን ታሪክ በትልቅ አውሮፕላን ደርሷል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ።

በአነስተኛ አውሮፕላን ደግሞ መጋቢት 6 ቀን 2002 ዓ.ም. በአሜሪካ ሒልተን ሄድ ደሴት የደረሰው ይጠቀሳል። ፕሮፔለሩን ያጣና መስታወቱ በዘይት የተሸፈነ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በባሕር ዳርቻ ሲያርፍ በዚያ ይሮጥ የነበረ ሰው ገደለ። ሞተሩ ጠፍቶ የሚንሸራተት አውሮፕላን ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ስለዚህ ዝቅ ብሎ በጸጥታ የሚመጣ አውሮፕላን ሲታይ ሕፃናትንና ከብቶችን ከመንገዱ ወደ ጎን ማራቅ ይገባል።

መጋቢት 8 ቀን 2009 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ከሁለት ፕሮፔለሮቹ አንዱ የተነቀለበት ሳብ 340 አውሮፕላን በቀረው ሞተር ሲድኒ በሰላም አረፈ። የወደቀው ፕሮፔለር ከቀናት በኋላ በደን ውስጥ ተገኘ፤ ምርመራውም መንስኤው ፕሮፔለሩን በያዘው ዘንግ ላይ በብረት ድካም የተፈጠረ ስንጥቅ መሆኑን አረጋገጠ።

የወደቀ አካል ቢገኝ

በማሳ ወይም በግጦሽ መሬት ላይ የአውሮፕላን አካል ያገኘ ሰው ባለበት ትቶ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። የተሰበረው ብረት ገጽ የአደጋውን መንስኤ ስለሚናገር ማጠብ፣ መቀጥቀጥ ወይም ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ መሸጥ ማስረጃ ያጠፋል፤ ተመሳሳይ ጉድለት ያለበት ሌላ አውሮፕላን መብረሩን እንዲቀጥልም ያደርጋል። ወደ ወደቀ አውሮፕላን ሲቀርቡ እሳት መለኮስና ሲጋራ ማጨስ አይገባም። መድኃኒት መርጫ ከሆነም የፈሰሰውን ፈሳሽ በእጅ አለመንካትና ከብቶችን ከአካባቢው ማራቅ ያስፈልጋል።