ዜና ርስት ዘሰብአ ቀጨኔ

በእንጦጦ ግርጌ በቀጨኔ ስለሚኖሩ ሰዎችና ርስት ስለሚባለው ነገር እንጽፋለን።

ርስት ወረሰ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ከአባት ከእናት በዘር የሚወርድ መሬት ማለት ነው። ጉልት ግን ሌላ ነው፤ ንጉሡ ለሹሙና ለደብሩ ይሰጠው የነበረ የግብር መብት ነውና የሹሙ ጉልት ሹመቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣ ነበር።

በ15ኛው መቶ ዓመት መግቢያ አፄ ይስሐቅ የኦሪትን ሕግ ከሚጠብቁት ከቤተ እስራኤል ጋራ ተዋጉ። ድል ካደረጉም በኋላ የተጠመቀውን በአባቱ ርስት ሊያጸኑት፣ ያልተጠመቀውን ግን ሊነቅሉት ፈረዱ ይባላል። ፈላሻ የሚለው ስም ከዚህ መፍለስ ወጣ የሚሉ አሉ፤ ስድብ ሆኗልና እኛ አንጠራበትም።

መሬት ያጣ በእጁ ያድራልና ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፤ ሴቲቱም ሸክላ ሠራች። ገበሬውም ማረሻውንና ምጣዱን ከእነርሱ እየገዛ ቡዳ ይላቸው ነበር። እንዴት ያለ ውለታ ነው!

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቈር ባለ እጅ ከየአገሩ ተሰበሰበ፤ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎችም በቀጨኔ ሰፈሩ። ከመካከላቸው ከቤተ እስራኤል እንወለዳለን የሚሉ ብዙ ናቸው። ሴቶቹ አፈሩን ከተራራው ቆፍረው በጀርባቸው ያወርዱታል፤ ወቅጠው፣ ነፍተው፣ አርሰው በእግራቸው ይረግጡታል። ጀበናውን አበጅተው በለስላሳ ድንጋይ ይልጉታል፤ ሲደርቅም በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ይተኩሱታል። ያን ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዐይኑን ያሻል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ነውና ዓመት ይታሰር ብለው አዋጅ ነገሩ። አዋጁም ስድቡን ከለከለ እንጂ ርስት አልሰጠም።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ በየካቲት 25 ቀን የገጠሩን መሬት፣ በሐምሌ 19 ቀን የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ባለርስትና ጭሰኛ መባባል ቀረ። ርስትም ተነፍገውት ከነበሩት እጅ ሳይገባ ከሕግ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ከዚያ ወዲህ በየወረዳው የሚጠየቀው ይዞታ ነው፤ የሸክላ ሠሪዋም ልጅ የባለርስቱም ልጅ በአንድ መስኮት ተሰልፈው ካርታ ይጠብቃሉ።