ከሥራ የተነሳ ሰው ስም

ሰው ከሥራ ሲሰናበት የሚያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም፤ ስሙም አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። አዲሱ ቀጣሪ «ይህ ሰው ለምን ወጣ?» ብሎ የቀድሞውን ሲጠይቅ፣ የሚሰጠው መልስ የአንድን ቤተሰብ እንጀራ ሊዘጋም ሊከፍትም ይችላል። ለመሆኑ ደጋግ ቀደምቶቻችን ይህን ጥያቄ እንዴት መለሱት?

ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ጀነት ከተበሰሩት አሥሩ ሶሐቦች አንዱ፣ በቃዲሲያ የፋርስን ጦር የረቱና የኩፋን ከተማ የቆረቆሩ አሚር ነበሩ። ኾኖም የኩፋ ሰዎች ለኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ክስ አቀረቡባቸው፤ «ሶላት እንኳ አሳምሮ አይሰግድም» እስከ ማለት ደረሱ። ዑመር የሰዕድን መልስ ከራሳቸው አንደበት ሰሙ። መልእክተኛ ልከውም በኩፋ መስጊዶች ሁሉ አስጠየቁ። ሕዝቡ በመልካም ሲመሰክር፣ በበኑ ዐብስ መስጊድ አንድ ሰው ተነስቶ ከሰሳቸው። ይሁንና ዑመር ሰዕድን አንስተው ዐማር ኢብኑ ያሲርን (ረ.ዐ.) ሾሙ። ማንሳት የመሪ መብት ነው፤ ስም ማጥፋት ግን መብት አይደለም።

በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ (644 እ.ኤ.አ.) ዑመር በስለት ተወግተው በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ፣ ተተኪያቸው የሚመረጥባቸውን ስድስት ሶሐቦች ሲሰይሙ ሰዕድን አንዱ አደረጉ። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ኸሊፋነቱ ለሰዕድ ካልደረሰ የሚሾመው ሰው በእርሳቸው እንዲታገዝ አደራ አሉ፤ ያነሷቸውም አቅም አንሷቸው ወይም አማና አጉድለው እንዳልሆነ አስታወቁ። ማንም ሳይጠይቃቸው ይህን መናገራቸውን ልብ ይሏል! ዝም ቢሉ ኖሮ ዝምታቸው በሰዕድ ላይ ምስክር በሆነ ነበር። ቀጣዩ ኸሊፋ ዑስማንም (ረ.ዐ.) ሰዕድን ወደ ኩፋ መልሰው ሾሟቸው።

ጥፋቱ እውነተኛ ሲሆንስ? ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ስላጯት ሁለት ሰዎች ባማከረቻቸው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንዱን ድህነት፣ የሌላውንም በሴቶች ላይ መበርታት ነግረዋታል። ኢማም ነወዊም «ሪያዱ ሷሊሒን» በተሰኘው ኪታባቸው፣ ለሚመክር ሰው እውነቱን መንገር ከተከለከለው ሐሜት ውጭ መሆኑን አስፍረዋል። ስለዚህ ገንዘብ ያጎደለን ሰው ለሌላ ካዝና «ታማኝ ነው» ብሎ ማሳለፍ አዲሱን ቀጣሪ ማታለል ነው። የሚነገረው ግን የተረጋገጠው፣ ለጠየቀው ሰው፣ ሥራውን በሚመለከት ልክ ብቻ ነው። ጥርጣሬው፣ የቤት ገመናው፣ የግል ቂሙ እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም።

በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተሰናበተ ሠራተኛ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል። ወረቀቱን ሕግ ያስጽፈናል፤ በስልክ የምንናገረውን ግን የሚጠብቀን ተቅዋ ነው።

ውድ አንባቢ! ሱቅ ያለህ፣ ቤትሽ ሠራተኛ ያለሽ፣ ነገ ስለ አሰናበታችሁት ሰው ስትጠየቁ ሰዕድንና ዑመርን አስታውሱ። አላህ አንደበታችንን ከበደል ይጠብቅልን። አሚን!