ደም ከተቀዳ በኋላ እጅ ለምን ይደነዝዛል? ከአንድ ንጉሥ ክንድ የምንማረው



«ላብራቶሪ ደም ሰጥቼ ከወጣሁ ጀምሮ እጄ ደንዝዟል፤ ምን ነክቶኝ ነው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከ450 ዓመት በፊት አንድ ንጉሥም ደርሶበታል።

በዚያ ዘመን ትኩሳት የያዘው ሰው ደም እንዲፈሰው ይደረግ ነበር። በእኛም አገር አያቶቻችን ዋግምት ያስነቅሉ ነበር። የፈረንሳዩን ንጉሥ ቻርልስ 9ኛን ትኩሳት ሲይዘው ግን የተከፈተው የክንዱ ደም ሥር ነው። ስለቱ ሲገባ ንጉሡ በሕመም ጮኸ። አጠገቡ የነበረው ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ነርቭ እንደተነካ ገባውና ክንዱ የታሰረበት ወዲያው እንዲፈታ አዘዘ። ያም ሆኖ ክንዱ አበጠ። ንጉሡ ለሦስት ወር ያህል ክንዱን እንደልቡ ማጠፍና መዘርጋት አልቻለም። በመጨረሻ ግን ዳነ።

ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1861–1865) ዶክተር ሳይላስ ዌር ሚቸል ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም የሚያቃጥል ሕመም ሊቀር እንደሚችል በዝርዝር ጻፈ። «ቁስሉ ድኗል፤ ምንም የለብህም» ማለት እንደማይበቃ ያኔ ታወቀ።

ዛሬ መርፌው ቀጭን ነው፤ የክንዳችን አሠራር ግን ያው ነው። በክርናችን መታጠፊያ ላይ ከቆዳ ሥር ያሉት ነርቮች ከደም ሥሩ ጋር ተጠጋግተው ያልፋሉ። መርፌው ሊነካቸው ይችላል፤ ወይም ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ደም ይጫናቸዋል። አብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሻላል።

ስለዚህ፦

✅ መርፌው ሲገባ እስከ ጣትዎ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ከተሰማዎት አይቻሉት። «ያውጡልኝ» ይበሉ፤ መርፌው ወዲያው መውጣት አለበት።

✅ ከተቀዳ በኋላ ክንድዎን ዘርግተው ቦታውን ለ5 ደቂቃ ያህል ጫን አድርገው ይያዙ። በዚያ ክንድ ለጊዜው ከባድ ዕቃ አያንሱ።

✅ ወላጆች፦ ልጅ በመርፌ ማልቀሱ የተለመደ ነው። ክንዱ እንዳይወራጭ አቅፋችሁ ያዙት። ቤት ከገባችሁ በኋላ በዚያ እጁ እንደወትሮው መጫወቱን ተመልከቱ።

⛔ እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣት አልታዘዝ ካለ ወይም እጅ ከቀዘቀዘና ከገረጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋር ይሂዱ። መደንዘዙ ብቻውን ቢሆንም ከጥቂት ቀናት በኋላ ካልቀነሰ ይታዩ።

ንጉሡ ሲያመው ጮኸ፤ ሐኪሙም ሰማው። እርስዎም ዝም አይበሉ።

ለወዳጅ ዘመድዎ ያጋሩ። ጤና ይብዛልዎ!