ከሸጎዬ ሜዳ እስከ ዳንስ ትምህርት ቤት

ልጁን ለዳንስ ትምህርት መስጠት የሚፈልግ ወላጅ፣ ወይም ራሱ ሊማር የተነሣ ጎልማሳ፣ ትምህርት ቤቱን በምን ይመርጠዋል? ለዚህ ጥያቄ የጥበቡ ታሪክ መልስ አለው።

ባሌት በጣልያን ቤተ መንግሥቶች ግብዣ ተፀንሶ በፈረንሳይ ያደገ ጥበብ ነው። ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ፤ የእግር አቋቋምም በአምስት ተመድቦ ለትምህርት በቃ። በ1738 የሩሲያው ትምህርት ቤት በቅዱስ ፒተርስቡርግ ተከፈተ። የመሳፍንት መዝናኛ የነበረው ጭፈራ ከትውልድ ትውልድ ሊተላለፍ የቻለው፣ እንቅስቃሴው ተተንትኖ፣ ስም ወጥቶለት፣ በደረጃ በመሰጠቱ ነው።

በድሬዳዋ ገጠር፣ በዋሂልና በአካባቢው ባለው የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ፣ ሸጎዬ የሚለመደው በሌላ መንገድ ነው። ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ሲያዜም ሌላው እየተቀበለ፣ አንገትና እግራቸውን ከዜማው ጋር ያስማማሉ። ሕፃኑ ከዳር ቆሞ እያየ ይማራል፤ መምህሩ ሠርጉ ነው። ይህ ትምህርት ሕይወት ያለው ቢሆንም፣ ወጣቱ ከመንደሩ ሲርቅ ተከትሎት የሚሄድ መምህር የለውም።

ጭፈራውን ወደ መድረክ ያወጡ ተቋማት ይህን ክፍተት በከፊል ሞልተዋል። በአዲስ አበባ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የብሔረሰቦችን ውዝዋዜ ለተመልካች አቀረቡ። በድሬዳዋም በ1950ዎቹ የተነሣው የአፍረን ቀሎ የኪነት ቡድን በኦሮምኛ ዜማ ወጣቶችን አሰባሰበ፤ አሊ ቢራ በልጅነቱ የገባው ወደዚህ ቡድን ነበር። ሆኖም መድረክ ዋጋ ያስከፍላል፤ ክቡ ተከፍቶ ወደ ተመልካች ይዞራል፣ ጭፈራው ያጥራል፣ ተቀባዩም ሕዝብ ዝምተኛ ተመልካች ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን አሠለጠነ፤ ከዚያም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ወጣ። ሠልጣኞቹ በተራቸው አስተማሪዎች መሆናቸው የትምህርቱ ፍሬ መለኪያ ነው።

እንግዲህ መራጩ አዳራሹንና መስተዋቱን ከማድነቁ በፊት መምህሩን ይመርምር። መምህሩ የልጅን አጥንት ያውቃልን? በጣት ጫፍ መቆም ከብዙ ዓመት ልምምድ በኋላ፣ እግር ሲጠነክር ብቻ የሚፈቀድ ነውና የሚያጣድፈውን ይሽሽ። ለጎልማሳ ጀማሪም እንደ አቅሙ የሚያስተምር ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ትምህርት ቤቱ ሸጎዬን እንዴት እንደሚያየው ይጠይቅ። ከዋሂል የሄደ ልጅ ሠልጥኖ ሲመለስ በሠርጉ ሰልፍ መግባት የሚያሳፍረው ከሆነ፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ዳንስ አስተምሮ ሌላውን ቀምቶታል።